ምዕራፍ ስድስት፦ ቅርፊቱ የደበቀው

በ1790 ኤድንበራ ላይ በታተመው የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ ውስጥ፣ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ያደገ ልጅ ስሙን ሳያነብ የሚለየው አንድ ሥዕል አለ፤ እንሰት ነው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ቅጽ ውስጥ ብሩስ ስለ ዓባይ ዓሣ፣ ስለ ቀይ ባሕር ኤሊና ስለ ሉል ይጽፋል። የጓሮ ተክልና የባሕር ፍጥረት ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ለዚያ ዘመን አጥኚ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ችግር ነበር፦ አንዱም ሌላውም ሳይበላሽ አውሮፓ አይደርስም።

ዕፅዋት ሰብሳቢ ቅርንጫፉን ከነአበባው ይቆርጣል፣ በወረቀት መሃል ያስተኛዋል፣ ተጭኖ ያደርቀዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ኸርባሪየም የሞላው እንዲህ በተዘጋጁ ናሙናዎች ነው። እንሰት ለዚህ አይመችም። ቅጠሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ግንድ የሚመስለው አካሉ እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል ልባስ ሲሆን ውኃ ያዘለ ነው። በወረቀት መሃል ቢያስተኙት ከመድረቁ በፊት ይበሰብሳል። ጄሊፊሽም ከባሕር ሲወጣ ቅርጹን ያጣል፤ ዓሣም ከሞተ በኋላ ሰዓታት ሳይቆይ ቀለሙ ይደበዝዛል። እንዲህ ያሉትን ፍጥረታት ከነመልካቸው ሩቅ ላለ አንባቢ ማድረስ የሚችለው ሠዓሊ ብቻ ነበር። ሥዕሉ ለመጽሐፉ ማስጌጫ ሆኖ አልገባም፤ ማስረጃው ራሱ እርሱ ነበር።

ማስረጃ ከሆነ ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል። ሠዓሊው የፍጥረቱን የቱን ክፍል አየ? ከፍቶስ አየው ወይስ ከላይ ብቻ? የዚህ ምዕራፍ ነገር በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ ምሳሌዎቹም ሁለት ናቸው። አንዱ ሃዲያና ከምባታ ውስጥ በየጓሮው የሚበቅለው እንሰት ነው። ሌላው ከባሕር ድንጋይና ከመርከብ ሆድ ጋር ተጣብቆ የሚኖረው፣ የኖራ ቅርፊት የለበሰው ባርናክል ነው።

ከባሕር ዳርቻ እስከ ማተሚያ ቤት

በ1761 ከኮፐንሃገን የተነሣው የዴንማርክ የዓረቢያ ጉዞ ሁለት ሰዎችን አብሮ ይዞ ነበር፦ የስዊድናዊው ተፈጥሮ አጥኚ የሊኔየስ ተማሪ የነበረውን ፔተር ፎርስኮልንና ሠዓሊውን ጌኦርግ ባውረንፋይንድን። ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ዓሣዎች ቆዳ በግማሽ እየገፈፈ እንደ ቅጠል ወረቀት ላይ አደረቃቸው፤ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ዛሬም ኮፐንሃገን ውስጥ አሉ። ሊደርቁ የማይችሉት ለስላሳ ፍጥረታት የባውረንፋይንድ ድርሻ ሆኑ። ሁለቱም በ1763 ሞቱ፤ ፎርስኮል በየመን፣ ባውረንፋይንድ ወደ ሕንድ በሚሄድ መርከብ ላይ። ከጉዞው አባላት በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የፎርስኮልን ጽሑፍ በ1775፣ የባውረንፋይንድን ሥዕሎች በ1776 አሳተመ።

ምጽዋም በዚህ ታሪክ ውስጥ በተደጋጋሚ ትገኛለች። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪኽ በሰኔ 1825 እዚያው ሞተ፤ ባልንጀራው ክርስቲያን ኤረንበርግ ናሙናዎቹንና ሥዕሎቹን ይዞ በርሊን ገባ፤ ከ1828 ጀምሮም ማሳተም ያዘ። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምጽዋ ወርዶ በ1832 ጎንደር ደረሰ። ከ1835 እስከ 1840 ባወጣው ሥራው ጭላዳ ዝንጀሮን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የቀይ ባሕርን ዓሣዎችም በቀለም አሳትሟል። የጣና ዓሣዎችንም ገልጾ ስም ሰጥቷል።

ከሠዓሊው እጅ እስከ አንባቢው ዓይን ያለው መንገድ ረጅም ነበር። ሠዓሊው ዳርቻው ላይ በእርሳስና በውኃ ቀለም ይሥላል። ከዓመታት በኋላ ፍጥረቱን አይቶ የማያውቅ ቀራጭ ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀርጸዋል። ከታተመ በኋላ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች አንዱን ናሙና እያዩ ገጹን ሁሉ በእጃቸው ይቀባሉ። የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂዎች በቀለም የሚለያዩት ከዚህ የተነሣ ነው። ስሕተትም የሚገባው በእነዚህ መሸጋገሪያዎች ላይ ነው። ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ነገር ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ቀራጩ አስቀድሞ ካልገለበጠው የዛጎሉ ጥምዝ በተቃራኒው ይዞራል። ታላቁ ሬምብራንት በ1650 በቀረጸው የዛጎል ሥዕል ላይ ፊርማውን በትክክል እንዲነበብ ገልብጦ ጽፎ ዛጎሉን ግን ሳይገለብጥ ተወው፤ ጥምዙም በተፈጥሮ ከሚታወቀው ተቃራኒ ሆኖ ቀረ።

ሌላው አደጋ ሥዕሉ ያለ ማብራሪያ መቅረቱ ነው። ከናፖሊዮን ጋር ግብጽ የሄደው ዡል ሳቪኚ የቀይ ባሕርን ትንንሽ ፍጥረታት እስከ አፋቸውና እስከ እግራቸው ለያይቶ በአስደናቂ ጥራት አሳለ። ዓይኑ ታመመና ማብራሪያውን ሳይጽፍ ማየት ተሳነው። ገላጭ ጽሑፉን ፍጥረታቱን በቅርብ ያላጠናው ቪክቶር ኦዱዋን ከሥዕሎቹ እየተነሣ እንዲጽፍ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የመጡ አጥኚዎች የትኛው ሥዕል የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ዛፍ ላይ የሚፈራ ዝይ

ባርናክልን ከውጭ ብቻ ያየ ሰው ቀንድ አውጣን ወይም ዛጎልን ቢያስብ አይፈረድበትም። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ከተጣበቀበት አይነቃነቅም፤ ዓይን ወይም ራስ አይታይበትም። አንዱ ዓይነት ደግሞ በረጅም ሥጋማ አንገት ይንጠለጠላል፤ ከቅርፊቱ ጫፍም ላባ የሚመስሉ ቀጫጭን ነገሮች ይወጣሉ።

ይህ መልክ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለየት ያለ እምነት ወለደ። በየክረምቱ ወደ ብሪታንያና አየርላንድ ዳርቻ የሚመጣ አንድ የዝይ ዓይነት ነበር፤ የሚፈለፈለው በሰሜን ዋልታ አካባቢ ስለሆነ ጎጆውንም እንቁላሉንም ያየ የለም። ሰዎች ታዲያ ላባ መሳዩን ይዘው፣ ዝይው የሚወጣው ከእነዚያ ቅርፊቶች ነው አሉ። የዌልሱ ጄራልድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ስለ አየርላንድ ሲጽፍ፣ አንዳንድ ካህናት ዝይውን ከሥጋ ስላልተወለደ በጾም ቀን እንደሚበሉት መዝግቧል። በ1597 የእንግሊዛዊው ጆን ጄራርድ የዕፅዋት መጽሐፍ ሲወጣ ነገሩ ሥዕል አገኘ፦ ቅርንጫፉ ላይ ቅርፊት ያፈራ ዛፍ፣ ከቅርፊቶቹም የሚወጡ ወፎች። በእንጨት የተቀረጸው ያ ሥዕል ወሬውን ዕድሜ ሰጠው፤ ታትሞ የታየ ነገር በቃል ከተነገረው ይልቅ ይታመናልና።

ማስተባበያው ግን ከጄራርድ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ዳግማዊ ስለ ወፍ አደን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ቅርፊቶቹን አስመጥቶ እንደመረመራቸውና ወፍ የሚመስል አንዳች ነገር እንዳላገኘባቸው ይናገራል። ዝይዎቹ የሚራቡት ሩቅ ስፍራ እንደሚሆን ገመተ፤ ግምቱም ልክ ነበር። ያደረገው ነገር ቢኖር ቅርፊቱን መክፈት ነው።

ከተከፈተ በኋላም ጉዳዩ ወዲያው አልጠራም። ሊኔየስ ባርናክልን ከባለ ቅርፊት ትሎች ጋር መደበው፤ ፈረንሳዊው ኩቪየ ከእነ ቀንድ አውጣ ጋር አኖረው። ሁለቱም የተመለከቱት ያደገውን እንስሳ ነበር። መልሱ የመጣው አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ወደብ ላይ ይሠራ ከነበረው የጦር ሐኪም ከጆን ቮን ቶምሰን ነው። በ1826 ከባሕር በመረብ ያወጣቸው፣ ሁለት ዓይንና ብዙ እግር ያላቸው ደቃቅ ዋናተኛ እጮች ተጣብቀው ቅርፊት ሲያበጁ አየ፤ በ1830ም ይህንኑ ከነሥዕሉ አሳተመ። ባርናክል ለካ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ነው። ልጅ ሳለ ይዋኛል፤ ሲያድግ በራሱ ተደፍቶ ከድንጋይ ጋር ይጣበቅና ቀሪ ዘመኑን በእግሮቹ ምግብ ወደ አፉ ሲጠርግ ይኖራል። ላባ የመሰሉት እግሮቹ ናቸው።

ቻርልስ ዳርዊንም ከ1846 እስከ 1854 ድረስ ስምንት ዓመት ያህል በዚሁ ፍጥረት ላይ አሳልፏል። መነሻው ከቺሊ ዳርቻ ያመጣው፣ የራሱ ቅርፊት ሳይኖረው በሌላ እንስሳ ዛጎል ውስጥ ቦርቡሮ የሚኖር አንድ ደቃቅ ባርናክል ነበር። ያንን ከየት እንደሚመድበው ለማወቅ ሌሎቹን ሁሉ በማይክሮስኮፕ ሥር መክፈት ግድ ሆነበት። ከ1851 እስከ 1854 ባሳተማቸው ቅጾች ውስጥ ያሉትን ሰሌዳዎች ጆርጅ ሶወርቢ አዘጋጀ። በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ቅርፊቱ ተበታትኖ፣ እያንዳንዱ ክዳን ከውስጥም ከውጭም ተስሎ ይታያል። ዳርዊን በዚህ ሥራ መካከል በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ በዓይን ሊያመልጡ የሚችሉ ደቃቅ ወንዶች ከትልቁ እንስሳ ጋር ተጣብቀው እንደሚኖሩ አገኘ። ከእርሱ በፊት ያዩአቸው ቢኖሩ ጥገኛ ተባይ ብለው ያልፏቸው ነበር። የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉ በ1859 ሲወጣ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ምን ያህል ልዩነት እንዳለ ከባርናክል ተምሮ ነበር።

የብሩስ ክርክር

ወደ እንሰቱ ሥዕል እንመለስ። ብሩስ ምጽዋ የደረሰው በመስከረም 1769 ነው። አብሮት የነበረው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1737 ቦሎኛ የተወለደ ጣሊያናዊ ነበር። በኅዳር 1770 ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ግሽ ሲደርስ ባሉጋኒም አብሮት ነበር፤ በራሱ እጅ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ይህን ያረጋግጣል። በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ላይ ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሠዓሊውንም ድርሻ አሳነሰ። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። ፖል ሀልተን፣ ናይጄል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ በ1991 ባወጡት መጽሐፍ የዕፅዋቱን ሥዕሎች ለባሉጋኒ መልሰዋል።

ብሩስ እንሰትን በጎጃም በኩል፣ ከጣና በስተደቡብ ባለው በማይጻ የሕዝቡ ዋና ምግብ ሆኖ አገኘው። መገኛው ናርያ እንደሆነ ተነግሮታል። ተክሉ ከሥሩ ከፍ ብሎ ተቆርጦ፣ አረንጓዴው ተልጦ፣ ነጩ ተቀቅሎ በወተት ወይም በቅቤ እንደሚበላ ይገልጻል፤ ጣዕሙንም እጅግ ያወድሳል። አምቾ (ከመሬት በታች ያለውን የእንሰት ወፍራም ሥር) በቅቤ የበላ የሆሳዕና ሰው ገለጻውን ለማመን አይቸገርም። በማይጻ አካባቢ ዛሬ እንሰት የዕለት ምግብ መሆኑ ስለቀረ፣ የምግቡ ወሰን በአንድ ወቅት እስከ ሰሜን ይደርስ እንደነበር ከሚያሳዩት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው።

የብሩስ ሥራ ሙሉውን ተክል ብቻ አላሳየም፤ ክፍሎቹንም ለይቶ አቀረበ። የለየበትም ምክንያት ነበረው። ሥዕሉን ያዩ አንዳንዶች ይህ ሙዝ ነው ብለውት ነበር። ከውጭ ሲታይ አልተሳሳቱም፤ ቅጠሉ ያው ሙዝ ነው። ብሩስ ግን አይደለም አለ። ማስረጃው ፍሬው ነው፦ ሙዝ የሚመስለው የእንሰት ፍሬ ቢከፈት ውስጡ ጠጣር ፍሬ ድንጋይ ነው፤ ሰውም አይበላውም።

አልሰሙትም። በቀጣዩ ዓመት በ1791 ጀርመናዊው ዮሃን ፍሪድሪኽ ግሜሊን ተክሉን ከብሩስ መጽሐፍ ወስዶ ከሙዝ ወገን ጋር ቆጠረው። በ1862 ፓቬል ሆራኒኖቭ እንሰትን ራሱን የቻለ ወገን አደረገው፤ ብሩስ የመዘገበውንም የአገሩን ስም አጸደቀለት። ይሁንና የብዙዎቹ ዕፅዋት አጥኚዎች አሳብ የተለወጠው በ1947 ኧርነስት ቺስማን ጉዳዩን እንደገና ካነሣ በኋላ ነው። እንሰት አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ እንደ ሙዝ ከጎኑ ልጅ አያወጣም፤ ፍሬው ትልቅና ጠጣር ነው፤ መሠረታዊ የክሮሞዞም ቁጥሩም 9 ሲሆን የምንበላው ሙዝ ቁጥር 11 ነው። ብሩስና ባሉጋኒ ፍሬውን ከፍተው ያሳዩት ልዩነት ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ተረጋገጠ።

ገበሬው የሚከፍተው ሌላ ነው

ከሊኔየስ ወዲህ ዕፅዋት አጥኚ ዝምድናን የሚፈልገው በአበባና በፍሬ ነው፤ ሠዓሊውም አበባና ፍሬ እንዲሥል ይታዘዛል። የሃዲያና የከምባታ ገበሬ ግን የእንሰት ፍሬ ሲከፈት የሚያይበት ምክንያት የለውም። እንሰቱ ፍሬ እስኪያፈራ አይጠበቅም፤ አበባው ብቅ ሲል ወይም ከዚያ በፊት ይቆረጣል። ስለዚህ የሚራባው በዘር አይደለም።

የሚራባው አምቾውን በመክፈት ነው። ያልደረሰ እንሰት ግንዱ ይቆረጣል፤ የአምቾው መሃል ተፈልፍሎ ዋናው ቡቃያ ይወጣል፤ ቀሪው በአፈርና በፍግ ይቀበራል። መሃል ያለው ቡቃያ በሕይወት እስካለ ድረስ ዙሪያውን ያሉትን እንዳይነሡ ያፍናቸዋል። እርሱ ሲወገድ የታፈኑት ሁሉ ይነቃሉ፤ ከአንድ አምቾ በዐሥሮች የሚቆጠሩ ችግኞች ይወጣሉ። ይህን ለማወቅ ተክሉን ከፍቶ ማየት ብቻ ሳይሆን ወራትን መጠበቅም ያስፈልጋል። ቶምሰን የባርናክሉን እጭ ጠብቆ ሲለወጥ እንዳየው ሁሉ፣ እዚህም ምሥጢሩ የተገኘው በጊዜ ውስጥ ነው።

ጊዜ ደግሞ አሮጌ ሰሌዳ የማይችለው ነገር ነው። የብሩስ ገለጻ ስለ ቅቅል ነው፤ ቅቅል በአንድ ቀን ያልቃል። ቆጮ ግን የወራት ሥራ ነው። ሴቶች ተሰባስበው ልባሱን በዘመም ሳንቃ ላይ ዘርግተው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ አምቾውን ይከተክታሉ፤ ከሚጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ የቀረው ክር ቃጫ ነው። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ይብላላል፤ እየተገላበጠ ይከርማል። የሃዲያ አታካና ከዚያ ከነጩ ቡላ፣ ከቅቤና ከወተት ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእንሰት ላይ ተመርኩዞ ይኖራል ሲባል፣ የተመረኮዘው በተክሉ ብቻ ሳይሆን በዚህ እውቀትም ነው።

የዝርያዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። ለዕፅዋት አጥኚ ጓሮው ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ የእንሰት ዝርያ ነው። ለጓሮው ባለቤት ግን እያንዳንዱ ዓይነት ራሱን የቻለ ስም አለው፤ አንዱ ጊሽራ ነው፤ ሌላውም ሌላ። አንዱ የቅጠሉ አጥንት ቀይ ነው፤ ሌላው ልባሱ ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ አለው። አንዱ አምቾው ጣፋጭ ነው፤ ሌላው ቃጫው ጠንካራ ነው፤ ሌላው ለተሰበረ አጥንት መጠገኛ ይበላል። ገበሬዎች ወንዴና ሴቴ ብለውም ይለዩታል፤ ሲሉ ግን ስለ አበባው አይደለም፤ ወንዴው በሽታን የሚቋቋም፣ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ሴቴዋ ለስላሳና ቶሎ የምትበስል ማለታቸው ነው። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በ1968 በዳኛቸው ይርጉና በባልደረባው በሳይንስ መጽሔት ከተገለጸ ወዲህ፣ የትኛው ዝርያ ይቋቋመዋል የሚለው ጥያቄ ለተመራማሪም የመጀመሪያው ጥያቄ ሆኗል።

አሮጌ ሥዕል ሲገጥም

ዛሬ የባርናክል፣ የኮራልና የጄሊፊሽ አሮጌ ሰሌዳዎች እየተባዙ የቡና ቤትና የሳሎን ግድግዳ ያስጌጣሉ። በብዛት የሚታዩት ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ከ1899 እስከ 1904 ያወጣቸው 100 ሰሌዳዎች ናቸው፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ የባርናክል ነው። ውበታቸው አያጠያይቅም። ሄክል ግን ፍጥረቱን በመሃል መስመር ዙሪያ አመጣጥኖ መደርደር ይወድ ስለነበር፣ ሥዕሉ ከተፈጥሮ ይልቅ የተስተካከለ ሆኖ ይወጣል። ተፈጥሮ ላይ ያለው ባርናክል ጎረቤቱ የተጫነው፣ የተጣመመ፣ ግማሽ ቅርፊቱ የተሰበረ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥም መጠየቅ የሚገባው ውበቱን ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ሕያውን አየ ወይስ የደረቀውን? ከፍቶ ካየ የቱን ከፈተ? የሣለው የአንድ ቅጽበት መልክ ነው ወይስ የዕድገት ደረጃ? ከሥዕሉ ሥር ያለው ስም የሣለው ሰው ነው ወይስ ያሳተመው? የጄራርድ ሰሌዳ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል፤ የሊኔየስ ምደባ በሦስተኛው፤ የብሩስ መጽሐፍ በአራተኛው። የሶወርቢ የባርናክል ሰሌዳዎች ዛሬም ለሥራ የሚያገለግሉት አራቱንም ስለሚያልፉ ነው።

ፎቶግራፍ ከመጣ በኋላ እጅ ሥራው አልቀረም። ከ1989 እስከ 2009 የታተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ቅጾች በመስመር ሥዕል የተሞሉ ናቸው፤ ፎቶግራፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ሲያነሣ፣ ሠዓሊ ግን ለመለየት የሚያስፈልገውን መርጦ ያወጣዋል። እንሰትም እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያስፈልገዋል፦ ፍሬው ብቻ ሳይሆን መሃሉ የተፈለፈለ አምቾው፣ ከዳር የሚነሡት ችግኞቹ፣ የተፋቀው ልባሱ፣ የየዝርያው የቅጠል አጥንት ቀለም፣ ስማቸውም ጓሮው በሚጠራቸው ዓይነት። ያንን ሰሌዳ ለመሣል ዶዮገና ወይም ሆሳዕና የሚወርድ ሠዓሊ አስቀድሞ ሊያማክር የሚገባው እንሰቱን የሚፍቁትን እናት ነው፤ ቢላው የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና።